ዘፈኑ የማን፣ ቅጂው የማን? «ዘ ናይፍ» የተባለው የስዊድን የኤሌክትሮኒክ ፖፕ ጥምረት ነጻ ሆኖ የሠራባቸው ዓመታት

በ2005 ሶኒ ለቴሌቪዥን ምርቶቹ ባሠራው አንድ ማስታወቂያ ላይ ሩብ ሚሊዮን ያህል ባለቀለም የላስቲክ ኳሶች በሳን ፍራንሲስኮ ቁልቁለታማ ጎዳናዎች እየነጠሩ ሲወርዱ ይታያል። ምስሉን የሚያጅበው አንድ ጊታርና አንድ የለሰለሰ የወንድ ድምፅ ብቻ ነው። ድምፁ ከአርጀንቲናውያን ወላጆች በስዊድኗ የጎተንበርግ ከተማ የተወለደው የሆሴ ጎንዛሌዝ ነው፤ ዘፈኑ ግን የእርሱ ድርሰት አይደለም። «ሃርትቢትስ» የሚባለውን ይህን ዘፈን የደረሱትና አስቀድመው በሲንተሳይዘር፣ ማለትም ድምፅን በኤሌክትሪክ በሚፈጥር መሣሪያ፣ ሠርተው ያወጡት ካሪን ድሬየርና ኦሎፍ ድሬየር የተባሉ የአንድ እናትና አባት ልጆች ሲሆኑ፣ የሚሠሩትም «ዘ ናይፍ»፣ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ቢላው»፣ በሚል የጋራ ስም ነበር።

ታዲያ ማስታወቂያው በዓለም ዙሪያ ሲታይ ገንዘቡ ወደ ማን ኪስ ገባ? ጥያቄው ቀላል ቢመስልም መልሱን በትክክል የተረዳ ሰው ነጻ ሙዚቀኛ የሚባለው ሰው በምን እንደሚኖር፣ ምን እንደሚያገኝና ምን እንደሚያጣ አብዛኛውን ነገር ተረድቷል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የእነዚህን ሁለት ሰዎች የሥራ ዘመን እየተከተልን ጉዳዩን ደረጃ በደረጃ እናያለን። ከአንድ የአዋጅ ቁጥር በቀር በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ አንድ ግራ መጋባት ማጥራት ያስፈልጋል። «ነጻ» ወይም «ገለልተኛ» የተባለ ሙዚቀኛ ብዙ ጊዜ ድኻ፣ ያልታወቀ፣ ወይም ከገበያ ርቆ በራሱ ዓለም የሚኖር ሰው ተደርጎ ይታሰባል። በሙያው ውስጥ ግን ቃሉ የሚያመለክተው ከዝናም ከድኽነትም ጋር የማይገናኝ ነገር ነው፤ በእኔ አረዳድ በሁለት ጥያቄዎች ይጠቃለላል። የተቀረጸው ሥራ ባለቤት ማን ነው? የሚቀጥለው ሥራ መቼ፣ በምን መልክ እንደሚወጣስ የሚወስነው ማን ነው? ለሁለቱም ጥያቄዎች መልሱ «ሙዚቀኛው ራሱ» ከሆነ፣ ሰውየው በሚሊዮን የሚቆጠር አድማጭ ቢኖረውም ነጻ ነው።

ሁለት ሰው፣ አንድ ኩባንያ

ካሪን በ1975፣ ኦሎፍ በ1981 የተወለዱ ሲሆን አብረው መሥራት የጀመሩት በ1999 ነው። ካሪን ከዚያ በፊት «ሃኒ ኢዝ ኩል» በተባለ የጊታር ባንድ ውስጥ ይዘፍኑ ስለነበር የባንድን ወጪና ድካም ያውቁታል፤ ከበሮ መቺው፣ ቤዝ ተጫዋቹ፣ መለማመጃ ክፍሉ፣ መሣሪያውን የሚጭነው መኪና፣ የስቱዲዮው የሰዓት ሂሳብ ሁሉ ገንዘብ ነው። ከኦሎፍ ጋር የጀመሩት ሥራ ግን ሲንተሳይዘር፣ ኮምፒውተር፣ ማይክሮፎንና ሁለት ሰው ብቻ ይበቃው ነበር። የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃና ነጻ አሠራር ደጋግመው አብረው የሚታዩትም ከዚህ የተነሣ ነው። አንድን አልበም ከመነሻው እስከ መድረሻው በራስ ክፍል ውስጥ መጨረስ ሲቻል፣ ለቀረጻ የሚያስፈልገው ብድር ያንሳል፤ ብድሩ ሲያንስ ደግሞ አበዳሪው የሚጠይቀው መያዣም አብሮ ያንሳል። በሙዚቃ ንግድ ውስጥ መያዣው ደግሞ ቤት ወይም መኪና ሳይሆን ዘፈኑ ራሱ ነው።

ሥራዎቻቸውን ያወጡት «ራቢድ ሬከርድስ» በተባለው የራሳቸው ኩባንያ በኩል ነው። በጥምረቱ ስም የተሰየመው የመጀመሪያው አልበም በ2001 ወጣ፤ ሁለተኛው «ዲፕ ከትስ» በ2003 ተከተለ፤ በዚያው ዓመት ለአንድ የስዊድን ፊልም የሠሩት ማጀቢያ ሙዚቃም ታተመ። «ሃርትቢትስ» የሚገኘው በሁለተኛው አልበም ላይ ነው። በዚያ ዘመን ከስዊድን ውጭ የሚያውቃቸው ሰው ጥቂት ነበር።

በአንድ ዘፈን ውስጥ የተኙ ሁለት ንብረቶች

ወደ መነሻው ጥያቄ ለመመለስ አንድ ነገር መለየት አለብን። አንድ ሰው ስልኩን ከፍቶ አንድ ዘፈን ሲያዳምጥ አንድ ነገር የሚሰማ ይመስለዋል፤ በሕግ ዓይን ግን የሚሰማው ሁለት ንብረት ነው። አንደኛው ድርሰቱ ነው፤ ማለትም ግጥሙና ዜማው፣ ማንም ቢዘፍነው፣ በየትኛውም መሣሪያ ቢጫወተው የማይለወጠው አካል። ሁለተኛው ቅጂው ነው፤ ማለትም በአንድ ቀን በአንድ ክፍል ውስጥ የተቀረጸው፣ በሙያው ቋንቋ «ማስተር» የሚባለው ያ አንድ የተወሰነ ድምፅ። የእኛም ሕግ ይህን ልዩነት በስሙ ሳይቀር ያውቀዋል፤ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ርእሱ «የቅጂ እና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ» የሆነው የደራሲው መብት የቅጂ መብት ሲባል፣ የከዋኙና የድምፅ ቅጂ አዘጋጁ መብት ደግሞ ተዛማጅ መብት ስለሚባል ነው። አጠራሩ ትንሽ ያደናግራል፤ በዕለታዊ አነጋገር «ቅጂ» የምንለው የተቀረጸውን ድምፅ ሆኖ ሳለ፣ «የቅጂ መብት» የሚባለው የደራሲው መብት ነውና። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ እንዳይምታታ «የድርሰት መብት» እና «የማስተር መብት» እያልኩ እቀጥላለሁ።

አሁን የሶኒ ማስታወቂያ ግልጽ ይሆናል። በማስታወቂያው ላይ የተሰማው ማስተር የጎንዛሌዝ ነበር፤ እርሱ በራሱ ጊታር ቀርጾ ያሳተመው ነውና ለዚያ ቅጂ የሚከፈለው ገንዘብ ወደ እርሱና ወደ አሳታሚው ይሄዳል። የካሪንና የኦሎፍ ሲንተሳይዘር በማስታወቂያው ውስጥ አልተሰማምና በማስተር መብት በኩል የሚያገኙት ሳንቲም አልነበረም። ድርሰቱ ግን የእነርሱ ስለሆነ በዚህኛው በር ገንዘቡ ወደ እነርሱ ይመጣል። ከገንዘቡም በላይ የሚከብደው ፈቃዱ ነው። አንድ ዘፋኝ የሌላውን ዘፈን ዜማውንና ግጥሙን ሳይለውጥ በራሱ ድምፅ ለማሳተም፣ ደራሲውን በግል ሳይለምን በመብት አስተዳዳሪ ማኅበራት በኩል ክፍያውን ፈጽሞ መቅረጽ በአውሮፓ የተለመደ ነው፤ ዘፈንን ከማስታወቂያ ምስል ጋር ማጣመር ግን የደራሲውን ቀጥተኛ ይሁንታ ይጠይቃል። ስለዚህ ሶኒ የጎንዛሌዝን ቅጂ ብቻ ገዝቶ መሄድ አይችልም ነበር፤ «ዘ ናይፍ» እሺ ማለት ነበረባቸው።

እሺም አሉ። ይህ ብዙ አድናቂዎቻቸውን ያስገረመ ውሳኔ ነው፤ ሁለቱ ሰዎች ትልልቅ ኩባንያዎችን በግልጽ የሚነቅፉ፣ ሙዚቃቸውም የሸቀጥ ማሻሻጫ እንዳይሆን የሚጠነቀቁ ነበሩ። የሰጡት ምክንያት ግን ሽፍንፍን የሌለበት ነው፤ ከጀርባቸው ትልቅ ኩባንያ የሌለ፣ በራሳቸው አሳታሚ የሚሠሩ ሰዎች ስለሆኑ ገንዘቡና መታወቁ ያስፈልጋቸው ነበር። እኔ በበኩሌ ይህን እንደ ክሕደት አላየውም፤ ነጻነት ወጪ አለው፣ ወጪውም ከአንድ ቦታ መምጣት አለበት። የሚያስደንቀው የገንዘቡ አመጣጥ ነው። የራሳቸውን ቅጂ፣ የራሳቸውን ድምፅ ለቴሌቪዥን ሻጭ ሳይሰጡ፣ ሌላ ሰው በሌላ መልክ የተጫወተው ድርሰታቸው ብቻ ሠርቶ አመጣላቸው።

የዚህን ተቃራኒ ምሳሌ ከእነርሱው ቤት ማግኘት ይቻላል። ካሪን በ2009 «ፊቨር ሬይ» በሚል ስም ለብቻቸው ባወጡት አልበም መክፈቻ ላይ «ኢፍ አይ ሃድ ኤ ሃርት» የተባለ ዝግ ያለ ዘፈን አለ። ከ2013 ጀምሮ ለበርካታ ምዕራፎች የታየው «ቫይኪንግስ» የተባለው ተከታታይ ድራማ ይህንኑ ዘፈን የመክፈቻ ሙዚቃው አደረገው። እዚህ ላይ የተወሰደው ድርሰቱ ብቻ ሳይሆን የካሪን ቅጂ ራሱ ነው፤ አልበሙም የወጣው በ«ራቢድ» ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ሁለቱም መብቶች በየበኩላቸው ይከፈልባቸዋል። አድማጩ በሁለቱም ጊዜ የሰማው አንድ ዘፈን ነው፤ በሂሳብ መዝገብ ላይ ግን በአንደኛው ጊዜ አንድ በር፣ በሌላኛው ጊዜ ሁለት በር ተከፍቷል።

በአገራችን የካሴት ዘመንን የሚያስታውስ አንባቢ ነገሩን በቶሎ ያገኘዋል። ዘፋኙ አልበሙን ይሠራል፣ ሙዚቃ ቤቱ በአንድ ጊዜ ክፍያ ይገዛዋል፣ ከዚያ በኋላ ካሴቱ አንድ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ ልዩነቱ የሙዚቃ ቤቱ ነበር። ዘፋኙ የሸጠው ማስተሩን ነው፤ ብዙ ጊዜ ግን ምን እንደሸጠ በስሙ ለይቶ አያውቀውም ነበር።

ማከራየት ወይስ መሸጥ?

የማስተር ባለቤት መሆን ማለት ግን ሁሉን ነገር በራስ እጅ መሥራት ማለት አይደለም። በስቶክሆልም ያሉ ሁለት ሰዎች በለንደንና በኒው ዮርክ ያሉ ሱቆችን እየዞሩ ሲዲ ሊያድሉ፣ ለየሬዲዮ ጣቢያውም ሊደውሉ አይችሉም። ስለዚህ «ራቢድ» ሥራዎቹን ለሌሎች አሳታሚዎች በፈቃድ ይሰጥ ነበር፤ በብሪታንያ «ብሪል» ለተባለ ኩባንያ፣ በአሜሪካ ደግሞ «ሚውት» ለተባለው። የፈቃድ ውል ማለት ኪራይ ነው። ቤቱ ያንተ ሆኖ ይቆያል፤ ተከራዩ በተወሰነ አገር፣ ለተወሰነ ዓመት ይጠቀምበታል፤ ዘመኑ ሲያልቅ ቁልፉን ይመልሳል። የባለቤትነት ማስተላለፍ ውል ግን ሽያጭ ነው፤ ገዢው በሚቀጥሉት አሥርት ዓመታት የፈለገውን ያደርግበታል።

ልዩነቱ በቁጥር ሲታይ ይበልጥ ይገባል። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ እኔ ያስቀመጥኳቸው ናቸው፤ የማንም እውነተኛ ውል አይደሉም። አንድ አልበም ለመሥራትና ለማስተዋወቅ 300,000 ብር ወጣበት፣ ሽያጩም 1,000,000 ብር አስገባ እንበል። ሙዚቀኛው ማስተሩን አስረክቦ 15 በመቶ የሚታሰብለት ውል ፈርሞ ከሆነ ድርሻው 150,000 ብር ነው፤ ይሁንና አብዛኛው ጊዜ ኩባንያው ያወጣውን ወጪ ከሙዚቀኛው ድርሻ ላይ ስለሚቀንስ፣ አንድ ሚሊዮን ብር ያስገባው ሙዚቀኛ በኩባንያው መዝገብ ላይ ገና የ150,000 ብር ባለዕዳ ነው። በፈቃድ ውል ግን ወጪው ከጠቅላላው ገቢ ተነሥቶ ቀሪው እኩል ቢካፈል፣ ሙዚቀኛው 350,000 ብር ይዞ ይወጣል፤ ከዓመታት በኋላም ማስተሩ ይመለስለታል። ይህን የሚያነብ ሰው «ታዲያ ማን ሞኝ ነው የሚሸጠው?» ሊል ይችላል። መልሱ ኪሳራው ላይ ነው። አልበሙ ያስገባው 200,000 ብር ብቻ ቢሆን፣ ሸጦ የፈረመው ሙዚቀኛ የጎደለውን ከኪሱ አይከፍልም፤ በራሱ ገንዘብ ያሠራው ግን 100,000 ብር ከቤቱ ጠፍቷል። ነጻ ሙዚቀኛ ትርፉን የሚወርሰው ኪሳራውንም ስለሚወርስ ነው፤ ለዚህም ነው የስቱዲዮ ወጪ ማነስ ለኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሠሪዎች ይህን ያህል ትርጉም ያለው።

ነገሩ ሁልጊዜ ንጹሕ መስመር የለውም። በአሜሪካ ሥራቸውን ያወጣላቸው «ሚውት» ብዙዎች የነጻ አሳታሚነት ተምሳሌት አድርገው የሚያዩት ቢሆንም፣ መሥራቹ ዳንኤል ሚለር በ2002 ለኢ.ኤም.አይ. ሸጠውት ስለነበር፣ እስከ 2010 ድረስ የአንድ ግዙፍ ኩባንያ አካል ነበር። ስለዚህ በ2006 «ሳይለንት ሻውት» የተባለውን አልበማቸውን በኒው ዮርክ የገዛ ሰው የሁለት ነጻ ሙዚቀኞችን ሥራ በግዙፍ ኩባንያ ሰንሰለት በኩል ገዝቷል። ይህ ነጻነታቸውን አላጠፋውም፤ ያከራዩት ቤት እንጂ የሸጡት አይደለምና። ይሁን እንጂ «ነጻ» የሚለው ምልክት በሽፋን ላይ ሲለጠፍ በውሉ ውስጥ ምን እንዳለ የሚነግረን በጣም ጥቂት መሆኑን ያሳያል።

የእነርሱ አሠራር በሌላ ሰው ሕይወት ላይ ያሳደረውን ተጽዕኖ ሳላነሣ ማለፍ አልፈልግም። ስዊድናዊቷ ሮቢን ገና በልጅነቷ በትልቅ ኩባንያ ሥር ዝነኛ የሆነች ዘፋኝ ነበረች። ከ«ዘ ናይፍ» ጋር የሠራችውን «ሁዝ ዛት ገርል» የተባለ ዘፈን ለኩባንያዋ ስታቀርብ ፊት ነሷት። በገዛ ቤታቸው የሚወስኑ ሁለት ሰዎችን አጠገቧ አይታ ነበርና፣ ከውሏ ራሷን በገንዘብ ገዝታ ወጣች፤ በ2005 «ኮኒቺዋ ሬከርድስ» የተባለ የራሷን አሳታሚ አቋቋመች፤ አልበሟም በስዊድን የሽያጭ ሠንጠረዥ አናት ላይ ወጣ። በ2007 ደግሞ ክሌሩፕ ከተባለ ስዊድናዊ ሙዚቀኛ ጋር የሠራችው ዘፈን በብሪታንያ አንደኛ ሆነ። ኩባንያው ያልፈለገውን ሥራ አድማጩ እንደሚፈልገው ለማወቅ በሩን ሰብሮ የወጣ ሰው አስፈልጎ ነበር።

ፊቱን የማያሳይ ዝነኛ

«ዘ ናይፍ» በአብዛኛው የሚታወሱት በጭምብላቸው ነው። ለብዙ ዓመት ፎቶግራፍ ሲነሡም ሆነ በኋላ መድረክ ሲወጡ ፊታቸውን እየሸፈኑ፣ ቃለ መጠይቅ እየቆጠቡ ሠርተዋል። የመጀመሪያ ሥራቸው ከወጣ በኋላ ለዓመታት በመድረክ አልተጫወቱም፤ በ2006 ለጉብኝት ሲወጡም አንድሬያስ ኒልሰን ከተባለው የምስል ባለሙያ ጋር ባዘጋጁት ትዕይንት ውስጥ፣ በመጋረጃ ላይ በሚፈሱ ምስሎች ተከልለው ነበር። ድምፁም ጭምብል ነበረው። በ«ሳይለንት ሻውት» ላይ የካሪን ድምፅ በመሣሪያ እየወፈረና እየቀጠነ ስለሚለዋወጥ፣ አድማጩ የሚዘፍነው ወንድ ይሁን ሴት፣ አንድ ሰው ይሁን ብዙ መለየት ይቸግረዋል።

ይህን ሁሉ እንደ ጥበባዊ አቋም ብቻ ማየት ይቻላል፤ አቋምም ነው። በ2003 የስዊድን ትልቁ የሙዚቃ ሽልማት የሆነውን ግራሚስን የዓመቱ ምርጥ የፖፕ ቡድን ተብለው ሲያሸንፉ፣ ራሳቸው አልሄዱም፤ በሙዚቃው ንግድ ውስጥ የወንዶችን የበላይነት ለመቃወም የጎሪላ ልብስ የለበሱ ሁለት ሰዎች ላኩ። ካሪን በ2010 «ፒ3 ጉልድ» የተባለውን የሬዲዮ ሽልማት ሲቀበሉ ደግሞ በቀይ መጋረጃ ተሸፍነው ወጥተው፣ መጋረጃውን ሲገልጡት የቀለጠ የሚመስል ፊት ነበር የታየው። ንግግርም አላደረጉም፤ ያሰሙት ማቃሰት የመሰለ ድምፅ ብቻ ነው።

ነገር ግን ከጭምብሉ ጀርባ የውል ጉዳይ አለ። ትልቅ ኩባንያ በአንድ ሙዚቀኛ ላይ ገንዘብ ሲያፈስ ገንዘቡ የሚመለሰው በሙዚቀኛው ፊት፣ ጊዜና ታዛዥነት ነው፤ ለመጽሔት ሽፋን መነሣት፣ በጠዋት የቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ መቅረብ፣ ለሽልማት ሥነ ሥርዓት አጊጦ መሄድ በውሉ ላይ የተጻፉ ወይም እንደተጻፉ የሚቆጠሩ ግዴታዎች ናቸው። ጎሪላ ወደ ሽልማት መድረክ የሚልክ ሰው «ይህን ያህል ወጪ አድርገንብህ!» የሚለው አለቃ ሊኖረው አይገባም። ለነጻ ሙዚቀኛ «አልመጣም» ማለት ከባድ የገበያ ኪሳራ ሊያመጣበት ይችላል፤ የውል ጥሰት ግን አይሆንም።

ገበያው ደግሞ በዚህ ጊዜ አልቀጣቸውም። «ሳይለንት ሻውት» በ2006 ከወጣ በኋላ ፒችፎርክ የተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሕትመት የዓመቱ ምርጥ አልበም አድርጎ መረጠው፤ በ2007ቱ ግራሚስም ስድስት ሽልማት አገኙ። ፊታቸውን ያልሸጡ ሰዎች፣ ከአገራቸው ሙዚቀኞች ሁሉ በዓለም ተቺዎች ዘንድ ከሚወደሱት ተርታ ተሰለፉ።

ሰባት ዓመት

አንድ ኩባንያ እንዲህ ያለ ስኬት ካየ በኋላ ምን ይጠይቃል? በአንድ ወይም በሁለት ዓመት ውስጥ ተመሳሳይ አልበም። «ዘ ናይፍ» ቀጣዩን የስቱዲዮ አልበማቸውን ያወጡት በ2013 ነው፤ ሰባት ዓመት ሙሉ ቆይተው ማለት ነው። ከመነሻው ካነሣኋቸው ሁለት ጥያቄዎች ሁለተኛው፣ ማለትም የጊዜ ባለቤትነት፣ ክብደቱ የሚታየው እዚህ ነው።

ሰባቱ ዓመታት ግን የሥራ ፈትነት አልነበሩም። ካሪን «ፊቨር ሬይ»ን ሲሠሩ፣ ኦሎፍ በበርሊን እየኖሩ «ኦኒ አይሁን» በሚል ስም ለጭፈራ ቤት የሚሆኑ የቴክኖ ሥራዎች አወጡ። ከሁሉ የሚገርመው ግን «ሆቴል ፕሮ ፎርማ» የተባለ የዴንማርክ የትዕይንት ቡድን በቻርልስ ዳርዊን የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ ላይ ኦፔራ እንዲጽፉለት ማዘዙ ነው። ሥራው «ቱሞሮው፣ ኢን ኤ ይር» ተብሎ በ2009 በኮፐንሃገን ለመድረክ በቃ፤ ሙዚቃው «ማውንት ሲምስ» እና «ፕላኒንግቶሮክ» ከተባሉ ሁለት ሙዚቀኞች ጋር በጋራ ተሠርቶ በ2010 ታተመ። ሁለቱ እንደተናገሩት ከዚያ በፊት ኦፔራ አይተውም አያውቁም ነበር። ኦሎፍ የተፈጥሮ ድምፅ ለመቅረጽ እስከ አማዞን ደን ድረስ ተጉዘዋል። ለኦፔራ ተብሎ የሚሰጥ የትዕዛዝ ክፍያ ለሙዚቀኛ ከሽያጭ የተለየ የገቢ ዓይነት ነው፤ ገንዘቡ የሚመጣው ሥራው ከመሸጡ በፊት ስለሆነ አድማጭ የማይገዛውንም ነገር መሞከር ይፈቅዳል። ውጤቱን በተመለከተ አልዋሽም፤ የመጀመሪያው ክፍል ቀላል ማዳመጥ አይደለም፣ ለፖፕ ዘፈን የመጣ ሰው ከአሥር ደቂቃ በላይ ላይታገሠው ይችላል።

በ2013 የወጣው «ሼኪንግ ዘ ሃቢቹዋል» መቶ ደቂቃ ሊሞላ ጥቂት የቀረው አልበም ነው። በውስጡ ምት የሌለው፣ በዝግታ የሚያጉረመርም፣ አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሚፈጅ አንድ ሥራ አለ። ከአልበሙ ጋር ደግሞ ስዊድናዊቷ ሊቭ ስትሮምክቪስት የሣለችው፣ ድኽነትን ሳይሆን ከልክ ያለፈ ሀብትን እንደ ዓለም አቀፍ ችግር እያየ የሚሳለቅ የካርቱን ታሪክ ተያይዟል። እንዲህ ያለ ጥቅል ለአንድ የሽያጭ ኃላፊ ሲቀርብ ስብሰባው ምን እንደሚመስል መገመት አያዳግትም።

ጉብኝቱ የበለጠ አነጋገረ። ተመልካቾች የጠበቁት ሁለት ጭምብል የለበሱ ሰዎች ከሲንተሳይዘር ጀርባ ነበር፤ ያገኙት ግን የሚያብረቀርቅ ልብስ የለበሰ የጨፋሪዎች ቡድን፣ ከዝግጅቱ በፊት ሕዝቡን የሚያፍታታ የስፖርት አሠልጣኝ፣ እንዲሁም አብዛኛው ሙዚቃ ከተቀረጸ የሚለቀቅበት መድረክ ነው። ካሪንና ኦሎፍ ከጨፋሪዎቹ መካከል ናቸው፤ የትኞቹ እንደሆኑ ለመለየት ማፍጠጥ ያስፈልግ ነበር። በሲዲ ላይ አፉን እያንቀሳቀሰ በዘፋኝ ስም ትኬት የሸጠ ሰው እኛም አገር ሲወቀስ ሰምተናልና፣ የተቆጡትን ተመልካቾች እረዳቸዋለሁ። ልዩነቱ ግን መደበቅና ማሳየት ላይ ይመስለኛል፤ እነዚህ ሰዎች የሚጫወቱ ለመምሰል አልሞከሩም፤ ኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ላይ «በቀጥታ መጫወት» ምን ማለት ነው የሚለውን ጥያቄ ራሱን መድረክ ላይ አወጡት። ትኬት ለገዛ ሰው ይህ መልስ ይበቃል አይበቃም ሌላ ነገር ነው። በገንዘብ ረገድ ደግሞ ውሳኔው ለራሳቸውም የሚጠቅም አልነበረም፤ ሁለት ሰው ይዞ መጓዝ ሲቻል ብዙ ሰው ይዞ መጓዝ ከጉብኝት የሚገኘውን ትርፍ ይበላዋል።

በ2014 ጉብኝቱ ሳይጠናቀቅ፣ ከዚህ በኋላ እንደሚዘጉ አስታወቁ። ምክንያታቸውን ሲገልጹ ለመቀጠል የሚያስገድዳቸው ነገር እንደሌለና ሥራው መሠራት ያለበት ደስ ሲል ብቻ እንደሆነ ተናገሩ። ብዙ ጋዜጦች ይህን እንደ ቀላል የስንብት ቃል አለፉት፤ እኔ ግን ከሥራ ዘመናቸው ሁሉ ይበልጥ ቴክኒካዊ የሆነው ዓረፍተ ነገር እርሱ ይመስለኛል። አብዛኛው የትልቅ ኩባንያ ውል የሚቆጠረው በአልበም ነው፤ ሙዚቀኛው አራት ወይም አምስት አልበም ለማስረከብ ይፈርምና፣ ሦስተኛው ላይ ቢሰለችም፣ ከሥራ አጋሩ ጋር ቢጣላም፣ የቀሩት አልበሞች እንደ ዕዳ ይከተሉታል፤ በሌላ ስም ለመሥራት እንኳ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርበታል። «የሚያስገድደን ነገር የለም» ብሎ በአንድ ቃለ መጠይቅ ሥራን መዝጋት የሚችለው ለማንም ሊያስረክበው የሚገባ የአልበም ዕዳ የሌለበት ሰው ብቻ ነው።

የመጨረሻውን ዝግጅታቸውን በኅዳር 2014 በአይስላንድ ዋና ከተማ በሬይክያቪክ፣ «አይስላንድ ኤርዌቭስ» በተባለው ፌስቲቫል ላይ አቀረቡ። በኒው ዮርክ የተቀረጸ የጉብኝቱ ፊልም ከሦስት ዓመት በኋላ ወጣ። ካሪን በ«ፊቨር ሬይ» ስም «ፕላንጅ»ን በ2017፣ «ራዲካል ሮማንቲክስ»ን በመጋቢት 2023 አሳተሙ፤ በዚህ በኋለኛው አልበም የመጀመሪያዎቹን አራት ዘፈኖች ከኦሎፍ ጋር በጋራ አቀናብረዋቸዋል። ያኔ «ዘ ናይፍ» ተመለሰ ብለው የጻፉ ነበሩ። ሽፋኑ ላይ ግን ያ ስም የለም፤ ሁለቱ አራት ዘፈን አብረው ለመሥራት ፈለጉ፣ ሠሩም፣ አምስተኛውን ከሌላ ሰው ጋር መሥራት ሲፈለግ ደግሞ ፈቃድ የሚጠየቅ ኩባንያ አልነበረም።